ካምቢዮ ይውረድ ከመባሉ በፊት

ሰሞኑን ከደብረ ማርቆስ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። የጻፉልኝ ሰው የአራት ልጆች አባት ናቸው። ቤታቸው የሚተዳደረው በአንዲት አሮጌ የቤንዚን ሚኒባስ ነው።

«ጠዋት ሞተር አስነስቼ ማርሽ ላስገባ ስል ይንጫጫል፤ የኋላ ማርሽማ አይቻልም። ሞተሩን ሳጠፋው ግን ሰተት ብሎ ይገባል። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስወጣም ጉልበት ያንሰዋል። መካኒኩ የፍሪሲዮን ሸራው አልቋል፣ ካምቢዮ ይውረድ አለኝ። እጄ ላይ ያለው ለልጆቹ ትምህርት ቤት ያሰብኩት የእቁብ ብር ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ብሩን ለጊዜው ካስቀመጡበት አያንሱት።

የፍሪሲዮን ሕመም በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። አንዱ አይዝም፣ ያንሸራትታል። ሌላው አይለቅም። ሸራ ሲያልቅ ፍሪሲዮኑ መያዝ ያቅተዋል። ማርሽ አልገባ ሲል ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ፔዳሉን ረግጠውትም ሞተሩና ካምቢዮው አልተለያዩም ማለት ነው። ሞተር ሲጠፋ ሰተት ብሎ የሚገባውም ለዚህ ነው። የሚሽከረከር ነገር የለማ!

እንግዲህ መጀመሪያ ካቦ ነው ወይስ ዘይት የሚጠቀመው የሚለውን ይለዩ። ካቦ ከሆነ ላልቶ ወይም ክሩ ተበጣጥሶ ይሆናል፤ ማጥበቅ ወይም መቀየር ነው። በዘይት የሚሠራ ከሆነ ማጠራቀሚያውን ይዩ። ጎድሏል? ከፔዳሉ ሥርና ከካምቢዮው ጎን ያሉት ፓምፖች ረጥበዋል? ቀጥለው ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ረግጠው ማርሽ ያስገቡ። አሁን ከገባ ጥፋቱ የፓምፕ ጎሚኒ ወይም የገባ አየር ነው። ለዚህ ካምቢዮ አይወርድም! የጎደለውን ሲሞሉም የፍሬን ዘይት እንጂ የሞተር ዘይት አይጨምሩ፤ ጎሚኒውን ያበላሸዋል።

ወደ ደጀኑ ዳገት እንምጣ። እዚህ ላይ ደብዳቤዎ አንድ ነገር አልነገረኝም። ቤንዚን ሲረግጡ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ባለበት ይቀራል? ወይስ ሞተሩም አብሮ ይታፈናል? ጮኾ ካልሄደ ፍሪሲዮኑ እያንሸራተተ ነው። አብሮ ከታፈነ ግን ፍሪሲዮኑን አይውቀሱት። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ላይ ናት፤ ሩቡ ያህል ጉልበት ቀድሞውኑ የለም። ከድልድዩ እስከ ደጀን ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። አዲሱ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ቢመረቅም ዳገቱ ያው ዳገት ነው።

ለማረጋገጥ ሜዳ ላይ፣ ከፊትዎ ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ የእግር ፍሬኑንም አይልቀቁ። ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይይዛል። ሳይጠፋ ከቀጠለ አይይዝም። አንዴ ይበቃል፤ ደጋግመው ቢሞክሩ ራስዎ ያቃጥሉታል።

እውነት የሚያንሸራትት ከሆነ፣ ወይም ፔዳሉ ተስተካክሎም ማርሹ እምቢ ካለ፣ ያኔ መካኒኩ ልክ ነው፣ ካምቢዮው ይውረድ። የእጅ ዋጋ ሁለቴ እንዳይከፍሉ ሸራው፣ መጫኛ ሳህኑና ኩሽኔታው አብረው ይለወጡ። ሸራው ዘይት ነክቶት ከሆነ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አዲስ ሸራ አይግባ፤ በሳምንቱ ያው ይሆናል።

አሁን ከብሩ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ይህ ችግር እስኪጣራ ሰው ጭነው ወደ ዓባይ አይውረዱ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ሊቀንሱ አውጥተውት ሌላው አልገባ ቢልዎ በፍሪ ቀሩ ማለት እኮ ነው! ሞተሩ መያዙን ይተውና ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። የጋለ ፍሬን ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ለእርስዎ አልነግርም። የሁለት ቀን ገቢ ይቅር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሌሎቻችሁም አንባቢዎቼ፣ እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አሳርፋችሁ አትንዱ። ዳገት ላይ ስትቆሙም መኪናውን በፍሬን እንጂ በፍሪሲዮን አትያዙት። ሸራ የሚበላው ይኸው ልማድ ነው።

ወንድሜ፣ ፔዳሉን ደጋግመው ረግጠው ማርሹ መግባት አለመግባቱን ይጻፉልኝ። ለልጆቹም መልካም የትምህርት ዘመን!