ስድቡን አጥፉ፣ ጥያቄውን ግን ተዉት!

ወዳጆቼ፣ የቴሌግራም ግሩፖቻችን ነገር ዝም የሚባል ስላልሆነ ነው የምጽፈው። ሁለት ዓይነት ብቻ ሆነው ቀርተዋል። አንደኛው በር የሌለው ቤት ነው፤ የፈለገ ገብቶ የሰው እናት ሰድቦ፣ ብሔር ጠርቶ አዋርዶ ይወጣል። አድሚኑን ስትጠይቁት "ሐሳብን መግለጽ መብት ነው" ይላችኋል። ሁለተኛው ደግሞ አድሚኑ ብቻውን የሚያወራበት ነው። ሌላው አንብቦ ላይክ ያደርጋል፤ የጠየቀ ይባረራል።

ሁለቱም አይዋጡልኝም።

ለመጀመሪያዎቹ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት ይሰጣል፤ እውነት ነው። ያው አንቀጽ ግን የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችልም ይናገራል። እስከ መጨረሻው አንብቡት እንጂ! ደግሞስ ተሳዳቢ ሲለቀቅ ዝም የሚለው ማነው? እህቶቻችን፣ ዓይናፋሩ፣ ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ናቸው። "ሁሉም ይናገር" ብላችሁ የከፈታችሁት መድረክ በሦስት አፈኞች እጅ ይወድቃል።

ለሁለተኛዎቹ፦ በአንድ የመምህራን ግሩፕ አንድ ባልደረባዬ "የተዋጣው ገንዘብ የት ደረሰ?" ብሎ ጠየቀ። ስድብ የለው፣ ዛቻ የለው። መጀመሪያ ጥያቄው ጠፋ፣ ቀጥሎ ሰውየው ጠፋ። ምክንያቱ "የግሩፑን ሰላም ለመጠበቅ" ነው አሉ። ዝምታ ሰላም ከሆነማ መቃብር ቦታም ሰላም ነው። አንዳንዱ "አዋጁ ያስጠይቀናል" ይላል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚከለክለው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ነው፤ ሒሳብ መጠየቅን የሚከለክል አንቀጽ የለውም።

እስቲ እድራችንን እንይ። ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ የተጻፈ ደንብ አለው። ስብሰባ የረበሸ በደንቡ ይቀጣል፤ "ሒሳብ ይቅረብልን" ያለ ግን አይባረርም። ቢባረርማ ማን ወር ጠብቆ መዋጮ ይከፍል ነበር?

ስለዚህ አድሚኖች፣ ደንባችሁን ጽፋችሁ ፒን አድርጉት። ስድብና ዛቻን አጥፉ፤ ለምን እንዳጠፋችሁም በአንድ መስመር ተናገሩ። ጭቅጭቅ ሲግል ግሩፑን ከምትዘጉ ስሎው ሞድ አብሩ፤ አንድ ሰው በየ10 ሰከንዱ፣ ካስፈለገም በየ1 ሰዓቱ አንዴ ብቻ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል። ጥያቄው በራሳችሁ ላይ ከሆነ ደግሞ ለሌላ አድሚን ልቀቁት። ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም።

"ሥራው ይበዛል" ትላላችሁ። አዎ፣ ይበዛል። 60 ተማሪ ይዞ ክርክር የመራ መምህር ያውቀዋል። ግን ክፍሉ ጸጥ እንዲል ብሎ እጁን ያወጣውን ልጅ የሚያስወጣ መምህር፣ መምህር ነው ትላላችሁ?

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ እናንተ፣ ከታች ተከራከሩኝ። "ቲቸር፣ እዚህ ላይ አልስማማም" ማለት እዚህ ቤት ነውር አይደለም። ስድብ ካየሁ ግን አጠፋለሁ፤ ማጥፋቴንም እዚሁ እጽፋለሁ።