አምስቷ ደቂቃ የማን ናት?

«አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ አሁን አነሣዋለሁ» የምትለው ቃል በሾፌሮቻችን ዘንድ እንደ ሁለተኛ መንጃ ፈቃድ ሆና ታገለግላለች። ዕቃ የጫነ አይሱዙ በመሥሪያ ቤት በር ላይ ሲገተር፥ ባጃጅ የእግረኛውን መተላለፊያ ዘግቶ ሲቆም የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። ቃሏ ትሕትና ያላት ስለ ሆነች የሚቆጣባት ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔ ግን ዛሬ ስለዚህች አምስት ደቂቃ ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ሾፌሩ የሚቸረን ደቂቃ ከራሱ ኪስ የወጣ ሳይሆን የሌላ ሰው ገንዘብ ስለ ሆነ ነው።

ነገሩ በሠለጠነውም ዓለም ያለ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የአካል ጉዳተኞችን መብት ለማስጠበቅ የወጣው ሕግ በየመኪና ማቆሚያው ለእነርሱ ብቻ የሚጠበቅ ስፍራ እንዲኖር አስገድዶአል። በ2010 በወጣው መለኪያ መሠረት የስፍራው ስፋት ከ2 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ሲሆን፥ ከጎኑ ደግሞ 1 ሜትር ተኩል ያህል ባዶ መተላለፊያ ይተውለታል። ይህ ባዶ ቦታ ሥራ አለው። በዊልቸር የሚሄድ ሰው የመኪናውን በር እስከ መጨረሻው ከፍቶ፥ ወንበሩን አውርዶ፥ ከመቀመጫው ወደ ዊልቸሩ የሚሻገረው በዚያ ነው። ዕቃ አዳዩ ሾፌር ግን ቦታውን የሚያየው ማንም የማይፈልገው ትርፍ መሬት አድርጎ ነው። መኪናውን እዚያ ላይ ሲያቆም ባለ ዊልቸሩ ከመኪናው ለመውረድ አይችልም፤ አስቀድሞ ወርዶ ከነበረም ተመልሶ ለመግባት አይችልም። በካሊፎርኒያ የዚህ ጥፋት መቀጫ ከ250 ዶላር የማያንሰው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢዬ «መካነ ሰላም ላይ የዊልቸር ሥዕል የተቀባበት መኪና ማቆሚያ የት አለና ነው?» ብሎ ሳይስቅብኝ አይቀርም። ቀለም ስላልተቀባ ግን ስፍራው የለም ማለት አይደለም። በእኛ የደጋ ከተሞች የአካል ጉዳተኛው ስፍራ በመሥሪያ ቤቱ ደረጃ አጠገብ የተሠራው ተዳፋት መወጣጫ ግርጌ ነው፤ በጎርፍ መውረጃው ቦይ ላይ የተጋደመችው የሲሚንቶ ንጣፍ ናት፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ የማይውጠው የመንገድ ዳር ነው። እግሩ የጸና ሰው ቦዩን ዘሎ ይሻገራል፤ ክራንች የያዘ ግን ከዚያች ንጣፍ በቀር መሻገሪያ የለውም።

ከደሴ በአቀስታ በኩል ሸቀጥ ጭኖ የሚመጣው መኪና ለማራገፍ የሚመርጠውም ይህንኑ ስፍራ ነው። ለተሸካሚው ጀርባ የሚመች ደልዳላ መሬት ለክራንችና ለዊልቸርም የሚመች ነውና፥ ሁለቱ በአንዲት ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ሾፌሩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ሁልጊዜ ተሸናፊው አንድ ወገን መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ደቂቃዋ እንመለስ። ሾፌሩ የሚቆጥረው በራሱ ሰዓት ነው። ከቦረና ገጠር ጉዳዩን ሊያስፈጽም ወደ ከተማ የሚመጣ አካል ጉዳተኛ ግን ሌሊት ተነሥቶ፥ በተውሶ በቅሎ ወይም በቤተ ዘመድ ድጋፍ ነው የሚደርሰው። አንድ ሰው ደግሞ ሥራውን ፈትቶ አብሮት ይመጣል። ከመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ መወጣጫው በጆንያና በካርቶን ተዘግቶ ያገኘዋል። አምስቷ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ትሆናለች፤ ግማሽ ሰዓቱ የምሳ ሰዓት ያደርሳል፤ ከምሳ በኋላ ፈራሚው ሹም ስብሰባ ይገባል። ቀኑ እንዲህ ያልፋል። በሚመጣው ሳምንት በቅሎዋን የሚያውሰው፥ አብሮትም የሚመጣው ሰው ይገኝ እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

ምናልባት ሁለት ጎበዞች ደርሰው አንሥተው በደረጃው ያወጡት ይሆናል። ደግነታቸው የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ጎማውን በገዛ እጁ ገፍቶ ሊገባ የሚችልን ሰው፥ ከመኪናው እንደሚወርደው ጆንያ በሰው ትከሻ ማስገባት ለማናችንም ክብር አይሆንም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዝዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ማናቸውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ ለመውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎአል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። ነገር ግን ሕግ መወጣጫውን ቢያሠራ፥ ግርጌው ላይ መኪና እስከ ቆመ ድረስ ምን ይጠቅማል? መሐንዲሱ የሠራውን ሾፌሩ በየቀኑ ያፈርሰዋል።

አንዳንድ ሰዎች «ለጥቂት ሰው ብለን ሥራ እናቆማለን ወይ?» ይላሉ። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብለው የተመዘገቡት ከመቶው አንድ ያህል ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት መግለጫ ግን ለኢትዮጵያ የሰጡት ግምት ከመቶው 17.6 ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከአጠያየቁና ከአቆጣጠሩ ቢሆንም፥ ጥቂት ናቸው እያልን የምንናገረው እውነት በቁጥር ተመርተን ነው ወይስ በመንገድ ላይ ስለማናያቸው? መንገዱን ዘግተን «አላየናቸውም» ማለት ለፍርድ የሚበቃ ማስረጃ አይሆንም። ደግሞም የአማራ ክልል በዓይን ማዝ በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን እንዳዳረሰም የምናስታውሰው ነው። ዛሬ ቦዩን ዘሎ የሚሻገር ሰው ነገ ምርኩዝ እንደማይዝ ዋስ የሚሆነው የለም።

ከመካነ ሰላም ጎረቤት ከሆነችው ከአማራ ሳይንት የተወለዱትን ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤን እንመልከት። በአምስት ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ትምህርት ፍለጋ እስከ ሻሸመኔ ሄደው ለዓይነ ሥውራን በተቋቋመ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ፤ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ባደረጉት ተጋድሎም እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የዓለም ሽልማት ተቀበሉ። እኚህ ሴት በር ተከፍቶላቸው ነው ለዚህ የበቁት። በዚያው አገር እንደ እርሳቸው ያለ አእምሮ ይዞ ከደጃፍ የተመለሰው ስንቱ ይሆን?

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሾፌሩን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን የተካከለ አይሆንም። ነጋዴው «ቶሎ አድርስልኝ» ይለዋል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ማራገፊያ ቦታ አልሰጠውም፤ ታዲያ የት ያቁም? በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ የጭነት መኪናዎች በቀን የሚንቀሳቀሱበትን ሰዓት ገድባ እንደ ነበር የምናስታውሰው ነው። ትንንሾቹ ከተሞች ያን ያህል ከባድ ደንብ አያስፈልጋቸውም። መሥሪያ ቤቶች ሳይከፈቱ በማለዳ ወይም ከተዘጉ በኋላ ዕቃ የሚራገፍበት ሰዓት መወሰን፥ ለማራገፊያ አንድ የታወቀ ቦታ መለየት፥ በየመወጣጫው ግርጌ መኪና የማያሳልፉ፥ ዊልቸር ግን የሚያሳልፉ ሁለት የድንጋይ ችካሎች መትከል ይበቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ ቀን ስብሰባ አበል የሚበልጥ አይመስለኝም።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ሆይ፥ ጠዋት ቢሮህን ስትከፍት መወጣጫውንም መክፈትህን ተመልከት፤ በሩ ሥራ የሚጀምረው ከመወጣጫው ግርጌ ነውና። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ የምትማሩ ወንድሞቼና እኅቶቼም ንጣፏን ዘግቶ የቆመ መኪና ስታዩ፥ «ወንድሜ፥ ትንሽ ፈቀቅ በልልን» ለማለት አትፈሩ። በትሕትና የተነገረውን በትሕትና የማይቀበል ሾፌር ጥቂት ነው። «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው» ብሎ ቢመልስላችሁም፥ ደቂቃዋ የእርሱ እንዳልሆነች፥ ባለቤቷም ክራንቹን ይዞ ከቦዩ ማዶ ቆሞ እንደሚጠብቅ አሳዩት።