ቤቱ ሳይለካ አይፈረድበት

ስለ ብርድ አገር ቤት ማሞቂያ በዚህ መጽሔት መጻፌ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ በባሕር ማዶ ዘመድ ያለን ብዙዎች ነን፤ እነርሱም በስልክ ከሚያነሡልን ችግር አንዱ በብርዱ ወራት ለማሞቂያ የሚከፍሉት ገንዘብ ነው።

የእኔም አክስት በለንደን ከተማ በአሮጌ የጡብ ቤት ይኖራሉ። የጋዝ ማሞቂያቸውን ትተው ሂት ፓምፕ የሚባለውን መሣሪያ ለማስገባት ቢያስቡ፣ አንዱ ሻጭ ከደጃፍ ቆሞ «ቤትዎ አርጅቷል፤ አይሆንም» አላቸው። ሌላው ደግሞ በስልክ ብቻ አነጋግሯቸው «ይሆናል፤ ይፈርሙ» አለ። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ያለ ማስረጃ ፈርደዋል እላለሁ።

ይህ መሣሪያ ሙቀትን ከውጭ አየር፣ ከመሬት ወይም ከውሃ ሰብስቦ ወደ ቤት ያስገባል። ከፍሪጅ ጀርባ እጁን አስጠግቶ ያየ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል፤ ፍሪጁ ከምግቡ የወሰደውን ሙቀት በጀርባው ወደ ውጭ ይተፋዋልና። አሳቡን ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሊቅ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1852 አቅርቦት ነበር። በስዊስ አገር ደግሞ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለተሠራው ለዙሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕንፃ በ1938 ከሊማት ወንዝ ሙቀት የሚወስድ መሣሪያ ተተከለለት። በብሪታንያም መንግሥት ባወጣው ገንዘብ በ742 ልዩ ልዩ ቤቶች ተሞክሮ፣ በዓይነቱ ወይም በዕድሜው ብቻ የማይሆን ቤት እንደሌለ ታይቷል። «ብርዱ ይበዛበታል» የሚሉም አሉ፤ ከእንግሊዝ ይልቅ የምትበርደው ኖርዌይ ግን መሣሪያው እጅግ ከተስፋፋባቸው አገሮች አንዷ ናት።

ታዲያ መመርመር ያለበት ምንድን ነው? ዋናው ነገር ቤቱ በሰዓት ምን ያህል ሙቀት ያፈስሳል፣ ራዲያተሮቹስ ያንን ለመተካት ይችላሉ ወይ የሚለው ነው። ሒሳቡ በክፍላችን ከምንሠራው የፊዚክስ መልመጃ አይከብድም። ልባስ የሌለው ወፍራም የጡብ ግድግዳ በአንድ ካሬ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት፣ 2 ዋት ያህል ያሳልፋል። ውጭው 0፣ ቤቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ 10 ካሬ ሜትር ግድግዳ 400 ዋት ያፈስሳል ማለት ነው። ሙቀት የሚያግድ ሽፋን በደንብ ቢለብስ ወደ 60 ዋት ሊወርድ ይችላል። የአክስቴ ቤት ግን በግራና በቀኝ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ በእነዚያ በኩል የሚጠፋው ሙቀት ጥቂት ነው። ከደጃፍ የቆመው ሰው ይህን አልቆጠረላቸውም።

የራዲያተሩ ነገር ይበልጥ ያስገርማል። ጋዝ የሚያነድደው ማሞቂያ ብዙ ጊዜ 70 ዲግሪ ያህል የሞቀ ውሃ ይልካል፤ ሂት ፓምፕ ግን ውሃው ለብ ባለ መጠን ኤሌክትሪኩን ይቆጥባል። ውሃው ከ70 ወደ 45 ዲግሪ ቢወርድ፣ በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ያለው ያው ራዲያተር ከቀድሞው ሙቀት 40 በመቶ ያህሉን ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ በአንዳንድ ክፍል ሰፋ ያለ ራዲያተር መግጠም ግድ ይሆናል፤ በሌላው ክፍል ደግሞ ቀድሞውኑ ከልክ በላይ ትልቅ ተደርጎ ስለ ተገጠመ ምንም መለወጥ አያሻም። ይህን ባለቤቱ ራሱ ያለ ወጪ ሊሞክረው ይችላል፤ ይኸውም ብርዱ በጠናበት ሰሞን ወደ ራዲያተሮቹ የሚሄደውን ውሃ ወደ 55 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ጥቂት ቀን መቆየት ነው። ቤቱ ከሞቀ ተስፋ አለ፤ አንዱ ክፍል ብቻ ከበረደ ጥፋቱ የዚያ ክፍል ነው።

ከዚህ ሌላ ለፍል ውሃ ማጠራቀሚያ የሚሆን ቦታ፣ በውጭም አየር እንደ ልብ የሚያገኝና በድምፁ ጎረቤትን የማያውክ ስፍራ ያስፈልጋል።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ዋጋው ነው። በብሪታንያ በ2024 የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ዋጋ ከጋዙ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። መሣሪያው በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ሙቀት ቢያመጣ እንኳ የወሩ ሒሳብ ላይቀንስ ይችላል፤ ሁለት እጅ ብቻ ካመጣማ በጡረታ ለሚኖር ሰው መከራ ነው። ሳይለካ በችኮላ የተተከለ መሣሪያ ውሃውን አብዝቶ ለማሞቅ ስለሚገደድ ወደዚህ ይወድቃል። እንግዲህ ፊርማ የሚጠይቅ ሁሉ አስቀድሞ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ዋት እንደሚያፈስስ፣ ራዲያተሩ ስንት እንደሚሰጥ፣ ውሃውም በስንት ዲግሪ እንደሚላክ በወረቀት ጽፎ ያሳይ።