ሦስት ቀዳዳ ምስክር አይሆንም

በሸንጎ ፊት ሦስት ምስክር ከቆመ ነገር ይጸናል። በዒላማ ወረቀት ላይ ግን ሦስት ቀዳዳ የሚያጸናው ነገር የለም። ይህን የምጽፈው በዚህ በሚኒሶታ ቀለሃ እየሰበሰቡ፣ ባሩድ እየመዘኑ፣ የዒላማ ጥይታቸውን በጋራዣቸው ውስጥ በእጃቸው ለሚሞሉ ወገኖቼ ነው። ቁጥራችን ብዙ ባይሆንም ክርክራችን ብዙ ነው። በታክሲ ተራም ሆነ በቡና ላይ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ባለፈው ሳምንት ሦስቱን በአንድ ቀዳዳ ያሳለፈ ጥይት ዛሬ ለምን ተበተነ?» ይባላል። ጠያቂውም ያችን የባለፈው ሳምንት ወረቀት ከኪስ ቦርሳው አውጥቶ ያሳያል። መልሱ ከአፉ አይጠፋም፤ ነፋሱ ነው፣ ጠመንጃው ነው፣ ባሩዱ ነው። እኔ ደግሞ ግምቱ ነው እላለሁ።

ውድ አንባቢ፣ ነገሩን ከማስረዳቴ በፊት አንድ ሰበብ ከመንገድ ላይ ላንሣ። «ተኩስ በደማችን ያለ ነው፤ አባቶቻችን ሚዛን የት ነበራቸውና?» የሚሉ አሉ። አባባሉ አባቶችን የሚያከብር ይመስላል እንጂ አያከብርም። በዚያ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያ መገበያያ ሆና ታገለግል ነበር። የውጅግራ ጥይት ቆጥሮ የሚገበያይ ሰው አንዷንም በከንቱ አይጥልም። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት የያዘው ጠመንጃ ዓይነቱ ብዙ ነበር። ውጅግራው፣ ሬሚንግተኑ፣ ቬተርሊው እያንዳንዱ የራሱን ጥይት ይፈልጋል፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ለይቶ መያዝና ቆጥቦ መተኮስ የግድ ነበር። እኛ ፉከራውን ወርሰን ጥንቃቄውን ከተውነው ምኑን ወረስነው?

ጥሩ ጥይት ከደም ሳይሆን ከመለኪያ እንደሚወለድ ማየት ለሚፈልግ ምስክሩ እዚሁ ሰፈራችን አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኒው ብራይተን አጠገብ የነበረውን ትልቅ የመንግሥት ጥይት ፋብሪካ ያንቀሳቀሱት በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ነበሩ። ወደ 1,000 የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያንም እዚያ ሠርተዋል። ለሥራው የቀረቡት የጀግና ዘር ቆጥረው አልነበረም። መለኪያ ተሰጣቸው፣ ለኩ፣ ያልተስተካከለውን ጣሉ። በቃ፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በአገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበርና ጥቂት ቁጥር ይታገሡኝ። አንድ ተኳሽ በአንድ ጠመንጃና በአንድ ዓይነት ጥይት፣ ምንም ነገር ሳይለውጥ፣ በ100 ያርድ ርቀት ሦስት ሦስት ጥይት ደጋግሞ ተኮሰ እንበል። የቀዳዳዎቹ ስፋት በአማካይ 1 ኢንች ቢሆን፣ አንዱ ወረቀት ግማሽ ኢንች፣ ሌላው 1 ኢንች ተኩል ማሳየቱ የሚያስደንቅ አይደለም። የዕድል ሥራ ነው። ያው ሰው በአንድ ወረቀት ላይ 10 ጥይት ቢተኩስ ደግሞ ስፋቱ በአማካይ ወደ 1.6 ኢንች ይደርሳል። ጥይቱ አልተበላሸም፤ ድሮም እንዲያው ነበር፤ ሦስቱ ቀዳዳዎች ደብቀውት ነው እንጂ።

እንግዲህ ባለ ኪስ ቦርሳው ወዳጃችን የሚያደርገውን ይመልከቱ። ግማሽ ኢንቿን ወረቀት እንደ ዲፕሎማ ይዟል። በሳምንቱ 1 ኢንች ተኩል ሲያይ ይደነግጣል። ባሩድ ይለውጣል፣ አረር ይለውጣል፣ መለኮሻ ካፕሱሉንም ይለውጣል፤ ሦስቱንም በአንድ ቀን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዕድል ቀንቶት ጠባብ ወረቀት ያገኝና «አገኘሁት!» ይላል። ምኑን ነው ያገኘው? ከሦስቱ የትኛው እንደጠቀመው እሱም አያውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በጥቂት ናሙና መታለል የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ባልደረባ የነበረው ዊልያም ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1908 «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ያሳተመው ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ነው፤ ከጥቂት ናሙና የተገኘ ውጤት ምን ያህል ይታመናል? ለቢራ ገብስ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፣ ፊታችን ሥር ለምትፈነዳ ጥይት ምን ያህል ይገባ ይሆን?

ታዲያ ጥፋቱ እንዴት ይፈለጋል? በተራ ነው፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ፣ ለእያንዳንዱ ለውጥ 10 ጥይት እየተኮሱ፣ ሁሉንም በደብተር እየጻፉ።

አንደኛ፣ ጥፋተኛው ጥይቱ መሆኑን ያረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ1922 በአኖካ የተመሠረተው ፌዴራል ኩባንያ ጎልድ ሜዳል የሚባል የውድድር ጥይት ይሠራል። እንዲህ ያለ የፋብሪካ የውድድር ጥይት አንድ ፓኮ ገዝተው 10ሩን ይተኩሱ። እሱ ተሰብስቦ የእርስዎ ከተበተነ ክሱ ወደ ጋራዥዎ ይሄዳል። እሱም ከተበተነ ባሩድዎን አይክሰሱ፤ የመነጽሩን ማሰሪያ ብሎኖች፣ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያጣብቁትን ብሎኖች፣ የአፈሙዙን ጠርዝ፣ የራስዎንም ትከሻና ጣት ይመርምሩ። ምቶቹ ሁለት ቦታ ተከፍለው ከተሰበሰቡ ብዙውን ጊዜ የላላ ነገር አለ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ቀለሃውን ይለዩ። የፋብሪካው ዓይነት ሲለያይ የቀለሃው የውስጥ ይዞታም ይለያያል፤ ስለዚህ ያው ባሩድ ያው ግፊት አይሰጥም። ናስ ደግሞ በተተኮሰና ቅርጹ በተስተካከለ ቁጥር ይጠነክራል። አንድ ጊዜ የተተኮሰ ቀለሃና ስምንት ጊዜ የተተኮሰ ቀለሃ አረሩን እኩል አይጨብጡትም። አንገቱን በእሳት ማለስለስ የሚያውቁ ሰዎች አንገቱን ብቻ ያሙቁ፤ መቀመጫው ከለሰለሰ ግፊቱን አይችልምና አደጋ ነው።

ሦስተኛ፣ ባሩዱ። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው፤ አንድ ግሬን 65 ሚሊግራም ገደማ ትሆናለች። ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር የሚመዝን የኤሌክትሪክ ሚዛን በብርድ ጋራዥ ውስጥ፣ ማሞቂያው አየር እየነፋበት፣ ተከፍቶ ወዲያው እውነት እንዲናገር አይጠበቅም። ሲጀምሩ፣ መካከል ላይና ሲጨርሱ ክብደቱ በታወቀ መመዘኛ ይፈትኑት። ነገር ግን ባሩድን ያለ ቦታው መክሰስም አለ። የአረሩ ፍጥነት በመቶ 2 ቢለዋወጥ፣ በ100 ያርድ ላይ የሚያመጣው ልዩነት አንድ አሥረኛ ኢንች ገደማ ነው። በ1,000 ያርድ ላይ ግን ከ15 ኢንች አያንስም፤ እሱም ወደ ላይና ወደ ታች ነው። እንግዲህ በ100 ያርድ ወደ ጎን የተበተነ ወረቀት ይዞ ባሩድን በፍሬ ሲቆጥር የሚያመሽ ሰው ሌባውን ትቶ ጎረቤቱን እንደሚከስ ነው።

አራተኛ፣ የአረሩ አቀማመጥ። ጥይቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ መለካት ያሳስታል፤ የውድድር አረር ጫፉ እኩል አይደለምና። የሚለካው አረሩ የአፈሙዙን ጥርስ ከሚነካበት ወገቡ ነው። ለዚህ የሚሆነው መለኪያ ከአንድ ሣጥን አረር ብዙ አይበልጥም።

አምስተኛ፣ የአገሩ አየር። በሚኒሶታ ጥር ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት፣ ሐምሌ ደግሞ 90 ይታያል። ብዙ ባሩድ በሙቀት ግፊቱ ይጨምራል። በጥር እስከ ጣሪያው የተሞላች ጥይት በሐምሌ ጣሪያውን ልታልፍ ትችላለች።

«10 ጥይት ብክነት ነው» የሚሉ ይኖራሉ። ብክነትስ ዓመቱን ሙሉ ሦስት ሦስት ተኩሶ ምንም ሳያውቁ መክረም ነው። «የመለኪያ ገንዘብ የለኝም» ለሚለውም መልሴ አጭር ነው፤ የመለኪያ ገንዘብ የሌለው ሰው ዓይኑን የሚያሳክምበት ገንዘብ አለው?

ነገሩ ከወረቀት በላይ መሆኑ እዚህ ላይ ነውና ልብ ይበሉ። የተበተነ ዒላማ የሚያስከፍለው ኩራት ብቻ ነው። ያው የግምት ልማድ ግን በሌላ ቀን ጠመንጃ ያፈነዳል። ሁለት ዓይነት ባሩድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። የጓደኛን ልክ ሰምቶ መሙላት ይቅር፤ የእሱ ጠመንጃ የእርስዎ አይደለም። ልኩ ከታተመው የአሞላል መጽሐፍ ተወስዶ ከዝቅተኛው ይጀመር። የሞሉትን ለወዳጅ ስጦታ አያድርጉ፤ ለንግድ መሥራት ደግሞ የፌዴራል ፈቃድ ይጠይቃል። እንጀራ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ቀለሃ አይጠረግ። ከካፕሱሉ የሚወጣው ብናኝ እርሳስ አለበት፤ በልጆች ደም ውስጥ ደግሞ ጉዳት የለውም የተባለ የእርሳስ መጠን የለም። ከሥራው በኋላ እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ ልጅ አይቀፉ።

ልጆቻችንም እያዩን ነው። በዚህ ስቴት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሸክላ ዒላማ ተኩስ ውድድር ከተጀመረ ወዲህ ተኩስ የትምህርት ቤት ስፖርት ሆኗል። ከኛ የሚማሩት መለካትን ነው ወይስ ሰበብ መደርደርን?

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ከእንግዲህ አንድ ወዳጅ ከኪስ ቦርሳው ባለ ሦስት ቀዳዳ ወረቀት አውጥቶ ሲያሳይዎ አያጨብጭቡለት። በትሕትና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፤ «የቀሩት ሰባቱስ የት አሉ?»