ሰባት ወንበር ለሰባት መንገደኛ አይበቃም

ከቤተሰብ ጋር ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ባለ 7 ወንበር መኪና ከተከራየ አይሳሳትም የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ይሳሳታል እንጂ! ጸሐፊው ወንበር ሲቆጥሩ ሻንጣውን ረስተውታል።

ቮልስዋገን ቱራንን እንይ። ሰባቱም ወንበሮች ሰው ከተቀመጠባቸው ከኋላ ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ 140 ሊትር አይሞላም። አንድ ትልቅ ሻንጣ ብቻውን ወደ 100 ሊትር ይጠጋል። የቀሩት ስድስት ሰዎች ዕቃቸውን የት ያድርጉት? ጎልፍ ስቴሽን ዋገን ግን አምስት ሰው ጭኖም ከ600 ሊትር በላይ ቦታ አለው። ስለዚህ ለአራትና ለአምስት ሰው ስቴሽን ዋገን፣ ለሰባት ሰው ደግሞ ባለ 9 ወንበር ቫን ይሻላል።

መኪናው በተለቀ ቁጥር ልጆች ይበልጥ ደህና ይሆናሉ የሚለውም አያስኬድም። ልጅን የሚጠብቀው በደንብ የታሰረ የልጅ መቀመጫ ነው። በኢጣሊያ ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር ያልደረሰ ልጅ ያለዚህ መቀመጫ እንዲጓዝ ሕጉ አይፈቅድም። በብዙ መኪኖች ደግሞ ሦስት የልጅ መቀመጫዎች ጎን ለጎን አይገቡም።

ጸሐፊው በጣም ትንሽ መኪና ቤተሰብን ያስጨንቃል ማለታቸው ልክ ነው። መፍትሔው ግን ትልቁን በደፈናው ማዘዝ አይደለም። አከራዮች አብዛኛውን ጊዜ ዋስትና የሚሰጡት ለመኪናው መደብ እንጂ ለሞዴሉ አይደለም። ስለዚህ ሻንጣችሁንና የልጅ መቀመጫችሁን ቆጥራችሁ፣ ካምቢዮው ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ ጠይቃችሁ፣ ከዚያ ክፈሉ።