የተሳላሚ መንገድ፦ «ሦስት ሰዓት» ብለን ስለ ጻፍነው

ባለፈው ዓመት በዚሁ ዐምድ ከአውቶቡስ መውረጃው እስከ ገዳማችን በር ያለውን ዳገት ስንገልጽ «ብርቱ እግር ያለው በሦስት ሰዓት ይወጣዋል» ብለን ጽፈን ነበር። ቃሉ ሐሰት አይደለም። በሦስት ሰዓት የሚወጡት ግን ከተራራው ሥር ተወልደው ያደጉ፣ የገዳሙን እህልና ጨው በትከሻቸው የሚያመላልሱ የአካባቢው ወጣቶች ናቸው። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ሳንጨምር በመቅረታችን የደረሰውን ዛሬ እንናገራለን። ነገሩ ሁላችሁንም ይመለከታል፤ ይልቁንም በሪያድ ከተማ ሆናችሁ መጽሔታችንን በስልካችሁ የምትከታተሉትንና ለዕረፍት ወደ አገር ስትገቡ ወደዚህ የምትወጡትን ወገኖቻችንን።

በጥር ወር ከሪያድ አምስት ተሳላሚዎች መጡ። አራቱ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች፣ አንዱ በሾፌርነት የሚተዳደር ወንድማችን ነበሩ። ይህ ወንድማችን ሯጭ ነው። ለሽልማት አይሮጥም፤ ከሥራ በተረፈው ሰዓት ለራሱ ይሮጣል። በኋላ በማረፊያ ቤታችን በተኛበት ወራት የሮጠበትን ስፍራ እየሣለ አስረዳን፤ እኛም ሪያድን በሌላ ዓይን አየናት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ በደረቅ ሜዳ ተዘርግታለች። በስተ ምዕራቧ ግን ዋዲ ሐኒፋ የተባለው ሸለቆ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ ከዚያም ጡወይቅ የሚባለው የኖራ ድንጋይ ገደል በመቶዎች ለሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች እንደ ግንብ ቆሟል። ወደ ሰሜን ምዕራብ ጀበል ፊህረይን በተባለው ስፍራ ገደሉ ወደ 300 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚቆረጥ ጎብኚዎች «የዓለም ጫፍ» ብለውታል። በ2014 ዓ.ም. በከተማዋ ሙሉ ማራቶን መሮጥ ከተጀመረ ወዲህ በሸለቆውና በገደሉ ጠርዝ የሚለማመደው ሰው በዝቷል፤ ከእነርሱም መካከል የእኛ ልጆች አሉ። ለብዙዎቹ ረጅም መንገድን በእግር ማቋረጥ ስፖርት ሆኖ እንዳልተጀመረ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

በበጋ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መንግሥቱም በፈረንጆቹ አቈጣጠር ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ድረስ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በግልጥ ፀሐይ ማሠራትን ይከለክላል። ስለዚህ ወንድማችን የሚሮጠው ዐርብ ዐርብ ጎሕ ሳይቀድ ነበር። ስድስት ወር እንዲህ አደረገ። ስእለት ነበረበትና፣ ከተራራው ግርጌ ተነሥቶ ሳያርፍ ሮጦ ከገዳማችን በር ሊደርስ ለራሱ ቃል ገብቷል። ያችን የእኛን ዐምድ በስልኩ አስቀምጧት ነበር።

ሐሙስ ሌሊት ከሪያድ ተነሥተው ዐርብ ማለዳ አዲስ አበባ ገቡ፤ ሳያርፉ በአውቶቡስ መጥተው ማታውኑ በታችኛው ማረፊያ ቤታችን አደሩ። እንግዳ ተቀባዩ አባት የወንድማችንን ፊት አይተው «ልጄ፣ ሁለት ሌሊት እዚህ እደር፤ ከዚያ ትወጣለህ» አሉት። «አባቴ፣ በመጽሔታችሁ ሦስት ሰዓት ነው ብላችኋል። እኔ ደግሞ በሪያድ ሙቀት የሮጥሁ ሰው ነኝ» ሲል መለሰላቸው። ሌሊቱን ራሱን ሲፈልጠው እንዳደረ ለማንም አልተናገረም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ጀመረ፤ ከዳገቱ እኩሌታ በላይም በሩጫ ወጣ። ከዚያ አስመለሰው፤ ተነሥቶ ሊሄድ ሲል እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደ። ወደ ገበያ የሚወርዱ ገበሬዎች ከመንገድ ዳር ተቀምጦ አገኙት።

በዚያች ሰዓት የተነሣውን ክርክር ልንሸሽገው አንወድም። የመጡት ሁሉ በቅንነት «ወደ ላይ፣ ወደ ጠበሉ እንውሰደው» አሉ፤ ከእኛም ወገን በዚህ የተስማማ ነበር። እንግዳ ተቀባዩ አባት ግን «ጠበሉን እኛ እናወርድለታለን፤ እርሱን ወደ ላይ አታውጡት» ብለው በቃሬዛ ወደ ታች አስወረዱት። ከሰዓት በኋላ ከወረዳው ከተማ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ራስ ምታቱ ቀንሶ ስሙንና ቀኑን አስተካክሎ መናገር ጀምሮ ነበር። ባለሙያው የአባን ፍርድ አጸኑት፤ የከፍታ ሕመም መንገዳገድ ላይ ከደረሰ መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል አሉን።

በሙቀት የጸና ሰው በተራራ ለምን ይወድቃል? ወንድማችን ይህን ጥያቄ ደጋግሞ ጠየቀን፤ እኛም ከሚያውቁ ጠይቀን የተረዳነውን እንጽፋለን። በሙቀት የሚለማመድ ሰው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ሰውነቱ ይለወጣል፤ ላቡ ቶሎ ይመጣል፣ የደሙም ፈሳሽ ክፍል ይበዛል፣ ልቡ እየቀለለው ይሠራል። ከፍታ ላይ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ተቃራኒው ይሆናል። በትንፋሽና በሽንት ውኃ ይወጣል፤ የደሙ ፈሳሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ሪያድ በስድስት ወር የሰጠችውን ተራራው በመጀመሪያው ሳምንት መልሶ መውሰድ ይጀምራል። አየሩም ራሱ ሌላ ነው። ገዳማችን ከ3,200 ሜትር በላይ ነውና በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገባው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ይህን የሚያካክሰው ቀይ የደም ሕዋስ የሚበዛው በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ነው። አገራችን ምድሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብላ በከፍታ ስትከፍል ኖራለች፤ በዚህ አከፋፈል ወንድማችን ከቆላ ተነሥቶ በሁለት ቀን ወደ ውርጭ አፋፍ ሮጠ ማለት ነው።

በዚህ የወደቀ እርሱ የመጀመሪያው አይደለም፤ ይህንም ነግረን አጽናንተነዋል። በ1961 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ውድድር በሜክሲኮ ከተማ ሲደረግ ከተማዋ 2,240 ሜትር ላይ ነበረች፤ ይህም ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ በዚያ ጊዜ የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነበር፤ 27 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ። በሜክሲኮ ስድስተኛ ሆኖ ገብቶ ከመስመሩ ላይ ወደቀ፤ ኦክስጅንም ተሰጠው። ልብ በሉ፣ ያሸነፈው ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ እንኳ የገባው በ29 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ነው። የደጋ ልጅ ስለሆነ ተራራው አልራራለትም፤ መዘግየት እንደሚገባው ግን ሰውነቱ ያውቅ ነበር። ከእርሱ በሰከንድ ክፍልፋይ ብቻ ተበልጦ ሁለተኛ የወጣው ማሞ ወልዴ ነው። ከሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን፣ ማሞ በ36 ዓመቱ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። አበበ ቢቂላ ከአራት ዓመት በፊት በቶኪዮ የሮጠው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነበር፤ በሜክሲኮ ግን ሕመም በያዘው እግሩ ጀምሮ አቋርጧል።

ዛሬም በማለዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚሄድ ተሳላሚ ሯጮቻችንን በባሕር ዛፉ መካከል ያያቸዋል። የሚያስደንቀው ዝግታቸው ነው። አንዱ ይመራል፤ ሌሎቹ በአንድ መስመር የፊተኛውን እግር እያዩ ይከተላሉ፤ ዳገቱን ፊት ለፊት ሳይጋፈጡ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ ይወጡታል። ለፍጥነት ልምምድ ሲሹ ወደ አቃቂ ዝቅ ይላሉ። ለእነርሱ ተራራው ጉልበት የሚከማችበት ጎተራ ነው፤ ጎተራውን የሚከፍቱት በበርሊንና በቦስተን አስፋልት ነው። በአውሮጳ ተራራው ራሱ ውድድር የሆነበት አለ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሞን ብላን ዙሪያ 170 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዳገቱ ሲደመር 10,000 ሜትር ገደማ ይሮጣሉ። እነዚያ ሯጮች እንኳ ቀጥ ያለውን ዳገት ዘንግ ተደግፈው በእርምጃ ነው የሚወጡት። (መቋሚያ የተሠራው ለዝማሬ እንጂ ለዚህ አይደለም ብለው የሚቆጡ አባቶች እንዳሉን እናውቃለን፤ ነገር ግን እነርሱም ዳገቱን ሲወጡ ይመረኰዙታል።)

እንግዲህ የቀድሞውን ጽሑፋችንን በዚህ እንተካለን። ከሪያድም ሆነ ከሌላ ቆላ አገር የምትመጡ፣ አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት እደሩ። ከዚያም በታችኛው ማረፊያ ቤታችን ሁለት ሌሊት እደሩ፤ አልጋው ጠባብ ነው፣ በሶና ቆሎ ግን አይጠፋም። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር የበለጠ ባይጨምር ይላሉ። ከ2,500 ሜትር በላይ ወጥቶ በሰዓታት ውስጥ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት የጀመረው ሰው ባለበት ይቈይ፤ ወደ ላይ አይጨምር፤ አለመናገርንም እንደ ትዕግሥት አይቍጠር። ቀጥ ብሎ መራመድ ያቃተው፣ ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ነገር የሚምታታበት ግን በሌሊትም ቢሆን ይውረድ። ብቻውን አይውረድ። ስለ ጾምና ስለ ውኃ የንስሐ አባታችሁን ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ በመንገድ መካከል የሚወሰን ነገር አይደለም።

ስለ መውረድም አንድ ቃል። ተሳላሚ ሁሉ የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ በማግሥቱ በደረጃ መውረድ የሚያቅተው ግን ከቁልቁለቱ የተነሣ ነው። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ይይዛልና ይበልጥ ይጎዳል። እርምጃችሁን አሳጥሩ፤ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ፤ ወጣቶች ሲሮጡ አይታችሁ አትከተሉ።

ወንድማችን በታችኛው ቤት አራት ሌሊት አደረ። በሦስተኛው ቀን ስእለቱ ከበደበትና «ሳልሮጥ ብገባ ቃሌን በላሁ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ሽማግሌ አባት «ልጄ፣ የተሳልኸው ለመድረስ ነው ወይስ ለመቅደም?» አሉት። ዝም አለ። በአምስተኛው ቀን ከአራቱ እኅቶች ጋር ተነሣ። የእኅቶቹን ጓዝ ሁሉ ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ ይሄድ ነበር፤ እኅቶቹ ሲያርፉ ያርፋል፣ ሲነሡ ይነሣል። ሰባት ሰዓት ፈጀባቸው። ከበሩ ሲደርሱ ጫማውን አውልቆ እንደ ሌላው ሁሉ ገባ።

በየካቲት ከሪያድ ደውሎልን ነበር። ዐርብ ዐርብ ወደ ዋዲ ሐኒፋ መውረዱን አልተወም፤ አሁን ሦስት የሥራ ጓደኞቹም አብረውት ይሮጣሉ። የሚመጣው ዓመት ዕረፍቱን በአምስት ቀን አስረዝሞ እንደጠየቀም ነገረን። በታችኛው ማረፊያ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን «ሦስት ሰዓት» የሚለውን ወረቀት አንሥተን «ሁለት ሌሊት» የሚል ሰቅለናል፤ ጽሕፈቱ ከሩቅ እንዲታይ በቀይ ቀለም ነው።