ስሙኒ ያልደረሰው ዋልያ

ሳንቲም መሰብሰብ የፈረንጅ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚሉን ወዳጆች በዝተዋል። ነገሩን ባነሳን ቁጥር የሚመጣው መልስም አንድ ዓይነት ነው፦ «ሰው የሚበላው አጥቶ እናንተ የሳንቲም ሥዕል ትተቻላችሁ?» እሺ፣ ሥዕሉን ባንተች ሰው ይጠግባል? መንግሥት ሳንቲም ማስመታቱ እንደሆነ አልቀረም፤ ገንዘቡም ወጥቷል። ጥያቄያችን ምን ተሳለበት፣ ለማንስ ደረሰ የሚለው ነው።

ለሙግታችን አንድ ሳንቲም መርጠናል። በ1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ስም ባለ 600 ብር የወርቅ መታሰቢያ ሳንቲም ወጥቶ ነበር። ክብደቱ 33 ግራም ከምናምን፣ ከመቶ ዘጠና እጁ ንጹሕ ወርቅ። የተሳለበት ዋልያ ነው፤ የሰሜን ተራሮች ዋልያ፣ ከዚያ ሰንሰለት ውጭ በዱር የትም የማይገኘው። ሳንቲሙ የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድና ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከእንግሊዙ ሮያል ሚንት ጋር ሆነው በየአገሩ ስም ካወጧቸው የዱር እንስሳት መታሰቢያዎች አንዱ ነው። ወንድሞችም አሉት። ባለ 25 ብሩ ላይ የደጋ አጋዘን አለ፤ ባለ 10 ብሩ ላይ ደግሞ አጥንት ከሰማይ ጥሎ በዓለት ላይ የሚሰብረው ጢማሙ አሞራ። ሁለቱ ከብር ማዕድን የተሠሩ ናቸው። (አማርኛችን ብሩንም ብር፣ ብሩንም ብር ስለሚል አንባቢ ይታገሰን።)

ዘመኑን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከላሊበላ ጋር እዚያ ውስጥ ገባ። ፓርኩ በመዝገብ፣ ዋልያው በወርቅ፤ ሁለቱም በአንድ ሰሞን። ያኔ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበርና 600 ብር ማለት ወደ 290 ዶላር ነው። እስቲ ንገሩን፣ ከደባርቅ ወይም ከዳባት ሰው ማን ያን ሳንቲም በእጁ ይይዝ ነበር? ዛሬ 600 ብር ጓደኛ ጋብዞ አይመልስም፤ በሳንቲሙ ውስጥ ያለው ወርቅ ግን ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። የተመታውም ለፈረንጅ ሰብሳቢ ነው፣ የሄደውም ወደ ፈረንጅ ሰብሳቢ ሳጥን ነው።

ከሁሉ የሚያበሳጨን ይህ ነው። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ባወጣቸው መደበኛ ሳንቲሞች ላይ ለሕዝቡም ሥዕል ደርሶት ነበር። አንድ ሳንቲም ላይ በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ፣ አምስት ሳንቲም ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ አሥር ሳንቲም ላይ የደጋ አጋዘን። የባሌው አጋዘን እንግዲህ ለሀብታሙም ለድሃውም ሳንቲም ታድሏል፤ ሊስትሮውም ለንደን ያለው ሰብሳቢም ያውቁታል። ዋልያ ግን ለወርቅ ብቻ ታጨ። ስሙኒ እንኳ አልደረሰውም። ለደባርቅ ልጅ የደረሰው ዋልያ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ የወጣው ስሙን የያዘ የቢራ ቆርኪ ነው፤ እሱንም ጠጪው ከጣለው በኋላ።

እንዲህ ስንል ታዲያ «ያገሬ ሰው ሳንቲም ላይ ለተሳለው ምን ቸገረው» የሚል ይነሳል። ታሪክ አላነበበም ማለት ነው። አያቶቻችን ጠገራ ብር ሲቀበሉ ዝም ብለው አልተቀበሉም። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም ብሯ ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዘ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመታ ኖሯል። በጎንደር፣ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ምጽዋ የሚሄደው ነጋዴ የንግሥቲቱን ዘውድ ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ በትከሻዋ ያለውን ጌጥ ያያል፣ ፊቷ የተፋቀ ከሆነ «አልፈልግም» ብሎ ይመልሳል። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በራሳቸው መልክ በፓሪስ ያስመቱት ብር አምሮ የተሠራ ሆኖ ሳለ ጠገራን ከገበያ ማስወጣት አቅቶት ቀረ። ለምን? ሕዝቡ ሥዕል አይቶ የሚያምን ሕዝብ ስለነበረ ነው! ዛሬ የኒውዮርክ ሰብሳቢ በአጉሊ መነጽር የሚሠራውን የወገራ ነጋዴ በባዶ ዓይኑ ይሠራው ነበር። ጨዋታው የፈረንጅ ነው ያለ ማን ነው?

ዓይኑስ ዛሬም ቢሆን አልጠፋም። የጃንሆይ ዘመን ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ብር እየቀቡ ሽልንግ ነው እያሉ ሲያጭበረብሩበት ጠርዙ እንደ አበባ ተከርክሞ እንደገና ወጣ። ሌባውም ዳኛውም ሥዕል አዋቂ ነበሩ ማለት ነው። የ1969ኙንም ሳንቲሞች አንድ ላይ ደርድራችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ዓመተ ምሕረቱ አንድ ሆኖ አንበሳው አንድ አይደለም፤ በአንዱ የአገጩ ጸጉር እኩል ተቆርጧል፣ በሌላው ረዘም ያሉ ዘለላዎች ወጣ ወጣ ብለዋል። በእያንዳንዳችሁ ቤት መሳቢያ ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው፣ ለመጀመርም ድምቡሎ አያስወጣም።

ደባርቅ ላይ ደግሞ ሌላ የሳንቲም ሰብሳቢ አለ፣ ሳይወድ በግድ የሆነ። ቱሪስት ጉርሻ ብሎ የሰጣቸውን የውጭ አገር ሳንቲም ይዘው የሚዞሩ ልጆች ናቸው። ባንክ የውጭ ወረቀት እንጂ የውጭ ሳንቲም አይመነዝርም፤ ስለዚህ ልጁ የሚቀጥለውን ቱሪስት ጠብቆ «ይህን ውሰድና ወረቀት ስጠኝ» ይላል። ከነዚህ ልጆች በአንዱ እጅ ያየነው የአሜሪካ 25 ሳንቲም ነበር። ሦስት የዱር ፈረሶች ይጋልባሉ፣ ከኋላቸው ተራራ፣ ከተራራው በላይ የምትወጣ ፀሐይ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለኔቫዳ ግዛት የወጣው ነው። ልጁ «ፈረሱ» ይለዋል፤ ሌሎቹን ሊመነዝር ሲሯሯጥ እሱን ግን ለብቻው ኪሱ ውስጥ አኑሮታል። የማያውቀውን የኔቫዳ ፈረስ የወደደ ልጅ በየቀኑ የሚሰማውን ዋልያ በሳንቲም ቢያገኘው ምን ሊሆን ነው?

አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2008 ለሃምሳው ግዛቶች በየዓመቱ አምስት አምስት እያደረጉ 25 ሳንቲም አወጡ። ያ አልበቃ ብሎ ከ2010 እስከ 2021 በብሔራዊ ፓርኮችና ስፍራዎች ሥዕል 56 ዓይነት ጨመሩ። የሎውስቶን ከጎሹና ከፍልውኃው ጋር፣ ዮሰሚቲ ከነገደሉ፣ ሁሉም በ25 ሳንቲም ላይ። ሕፃኑ ከሱቅ መልስ ሲቀበል ያገኘዋል። አድናቂዎቻቸው አይደለንም፤ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ የተጨናነቁ ናቸው። የአርካንሳስን ተመልከቱ፦ አልማዝ፣ ሩዝና ዳክዬ በአንዲት ስሙኒ ላይ ታጭቀዋል፣ የሰርግ ቤት ግድግዳ ይመስላል። ለሀብታም ሰብሳቢ የሚሸጡት ወርቅና ብርም ሞልቷል። ልዩነቱ እነሱ የመታሰቢያውን ሥዕል ለሕዝባቸው ኪስም ማድረሳቸው ነው።

የኛዎቹ ግን በደርግ ዘመን ለዓለም የሕፃናት ዓመት፣ ለአካል ጉዳተኞች ዓመት፣ ይባስ ብሎም ለ1982ቱ የስፔን ዓለም ዋንጫ ሳይቀር መታሰቢያ አስመትተዋል፤ ላልተሳተፍንበት ዓለም ዋንጫ! ከዚያ በፊትም በጃንሆይ ጊዜ፣ በ1964 ዓ.ም. በወጡት የነገሥታት የብር ሳንቲሞች ላይ አፄ ቴዎድሮስ አሉ። ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑት በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚያው ሰሜን ውስጥ በደረስጌ ማርያም ነው። እንግዲህ ሰሜን ያነገሠችው ንጉሥም፣ ሰሜን ያሳደገችው ዋልያም በማዕድን ተቀርጸው ወደ ውጭ ሄዱ፤ ለሰሜን ልጅ የቀረለት «ሚስተር፣ ሳንቲም» ነው።

የባሰ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወረቀቷ አንድ ብር ወደ ሳንቲም ስትለወጥ ወረቀቷ ላይ የነበረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ቀርቶ ሚዛን መጣ። ሚዛን! በውኃ ፋንታ የግምጃ ቤት ማኅተም የሚመስል ነገር። ሥራው ንጹሕ ነው፣ በሁለት ቀለም ማዕድን መሠራቱም ያምራል፤ ግን ማን ነው አንድ ብር ይዞ «ይቺን ሚዛን ተመልከቷት» ብሎ ለልጁ ያሳየ?

ይህን ሁሉ የምናነሳው ለውበት ብቻ አይደለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር። ከዚያ መዝገብ እንዲወጣ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቅቀው ደባርቅ መስፈራቸው ነው። ለዋልያው ሲባል ርስቱን የለቀቀ ገበሬ እዚያ ከተማ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 አካባቢ ከ800 በላይ የነበረው ዋልያ፣ ጦርነቱም አደኑም ተደራርበው በ2024 ወደ 300 ገደማ ወርዷል። ለዚህ እንስሳ ቤቱን የከፈለ ሰው እንስሳው የጋራ ሀብቱ እንደሆነ በምን ይወቅ? በስብሰባ? በባነር? ገንዘብ ግን በየቀኑ ሳይጠራ የሚመጣ፣ ያልተማረውም የሚያነበው ወረቀትና ብረት ነው።

«የሳንቲም ዘመኑ አለፈ» ለሚሉን፦ አምስት፣ አሥር ሳንቲምና ስሙኒ ከገበያ እንደጠፉ እናውቃለን። ለዚህም ነው ስሙኒ ይመታልን የማንለው። ጥያቄያችን አንድ ብር ላይ ነው፣ ከእሷ በላይ ደግሞ ባለ አምስት ብሯ ላይ፤ በታክሲ ረዳት እጅ ላይ ላብ ጠጥታ፣ በፕላስተር ተለጣጥፋ የምትዞረው ወረቀት ብረት መሆኗ የማይቀር ይመስለናል። ያን ቀን ሌላ ሚዛን እንዳታመጡብን። ባንዱ ዓመት ዋልያ ከነቀንዱ ቋጠሮ፣ በሌላው ደረቱ ቀይ የሆነው ጭላዳ፣ በሌላው ቀይ ቀበሮ፣ በሌላው ደግሞ ቆላ ያለ ሰው አይቶት የማያውቀው ጅብራ ይሳልበት። ባሌም ኦሞም ደንከልም ተራቸውን ያገኛሉ፤ አንቀናም። ሥዕሉን ለውጭ ድርጅት ከመስጠት በፊት ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ውድድር ይከፈት፣ አሸናፊውም ጨነቅ ድረስ ሄዶ እንስሳውን በዓይኑ ይይ። ወርቁንም ለሰብሳቢ መምታት ካማራችሁ ምቱ፣ በውድም ሽጡ፤ የብረቷ የመጀመሪያ ከረጢት ግን አዲስ አበባ ላይ በሪባን ሳይሆን ደባርቅ ገበያ አጠገብ ባለ የባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ ይፈታ።